የፈሰሰ ሲታፈስ

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ሲሉ
እኔም አምን ነበር፣ እንደ ሌላው ሁሉ።
የጭነት መኪና ሾፌር ነበርኩና፣
ከሰፍዊ እስከ ወደብ፣ በቀዩ ጎዳና፣
የካካዎ ጆንያ ሳመላልስ ስኖር
ፍሬው ብቻ ነበር ዓይኔ ላይ የሚቆጠር።
የቀረው ለጉንዳን፣
የቀረው ለአፈር።

ሰርዋን ያየኋት የመኸር ሰሞን ነው።
ወንዶቹ ቁልሉን በገጀራ ሲፈልጡ፣
ሴቶቹ ከቅርፊቱ ነጩን ሲያወጡ፣
የሙዝ ቅጠል አልብሰው እንዲብላላ ሲተዉት፣
ከሥሩ ይወርዳል ጣፋጩ፣ እንደ ወተት።
እሷ ቁጢጥ ብላ መሬቱን ታያለች፤
ጣቷን ነከረችና
ላሰች።

«ይህን ማን ይጠጣል?» አለች ለሽማግሌው።
ናና ንኩዋ ሳቀ፦ «ያውና፣ ተሰልፎ ያለው!»
ጉንዳን ነበር።

ከኩማሲ ኮሌጅ ትምህርቷን ጨርሳ
ደብተር ብቻ ይዛ መጣች ተመልሳ።
እናቷ ቢሮ ስትል፣ አባቷ ደመወዝ፣
እሷ ባልዲ አንግታ እርሻ ለእርሻ መጓዝ።
ባንክ ቤት ብትሄድ ባለ ከረባቱ
«ለዝቃጭ ብድር?» አለ፤ አነባ ከሳቁ ብዛቱ።

በመጀመሪያው ዓመት እኔን ተከራየች፤
«አራት መቶ ጠርሙስ፣ ለአክራ ገበያ» አለች።
ሌሊት ጫንን። ቢቢያኒ ሳንደርስ ገና
ጧ! አለ ከኋላ፤ ጎማ መሰለኝና
ወረድኩ። ጎማው ደኅና ነበር።
ደግሞ ጧ! ደግሞ ጧ! ቡሽ ሲስፈነጠር፣
ጭማቂው ተብላልቶ፣ አረፋ ደፍቆ፣
በወለሉ ስንጥቅ ይወርዳል ተናንቆ።
ባትሪ አብርተን ስንቆጥር አደርን፤
አሥራ አንድ ጠርሙስ ብቻ ተርፎ አገኘን።
ታለቅሳለች ብዬ ፊቴን አዞርኩላት።
እሷ በቀሚሷ ስባሪ ትለቅማለች፤
«ጠዋት ተማሪዎች ያልፉበታል» አለች።

«ኪራዬስ?» አልኳት። ዛሬም ያፍራል አፌ።
የጆሮዋን ወርቅ ፈታ ሰጠችኝ፤
ኪሴ ከተትኩት፣ በመሐረብ አጥፌ።
ጎማ ገዛሁበት።
ሰሙን ይዤ ኖሬ ወርቁን ሸጥኩት ማለት።

ጭማቂ እንዴት ሞቆ እንደሚቆይ ሳይፈነዳ
ሦስት መኸር ፈጀባት፣ ስንት ድስት፣ ስንት ዕዳ።
ከዚያ ልጣጩ መጣ። ስብሰባ ጠራች፤
«ይህም ሀብት ነው» ብላ ስታስተምር ሳለች
ማሜ ፎዋ ተነሡ፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፦
«ልጄ፣ የተወለድሽ ለት ገላሽን ያጠብነው
በምን መሰለሽ? ከዚሁ ልጣጭ አመድ
በተሠራ ጥቁር ሳሙና ነው።»
እንኳን ሰዉ፣ ዛፉም የሳቀ መሰለኝ።
ሰርዋ ደብተሯን ዘጋች። መሬት ተቀመጠች።
«በሉ እሺ፣ አስተምሩኝ» አለች።

ዛሬ አርባ ሴቶች አሉ በጭማቂው ቤት፣
ሌሎች ደግሞ ማዶ፣ አመድ የሚነፋበት።
ሚዛኑን ማለዳ ማለዳ እነሱው ራሳቸው
ይፈትኑታል በገዛ ድንጋያቸው።
እኔ ሚዛን አውቃለሁ፤
ወደ ገዢው ሲያጋድል ሃያ ዓመት አይቻለሁ።
ይኼኛው አያጋድልም።

ሀብታም ግን አልሆነችም። አምና ዛፉ ታሞ
የናና ንኩዋ እርሻ ከነሥሩ ተነቀለ፤
ባልዲዎቹ ባዶ ዋሉ፣ ዕዳዋም እንዳለ።
ሽበቷን አትቀባም። ጊዜ የለኝም ትላለች።

በዘንድሮው መኸር ሄድኩ፣ በወረቀት ቋጥሬ
የጆሮ ወርቅ ይዤ፣ ከጡረታዬ ቆንጥሬ፤
ከዚያኛው ያነሰ ነው።
ጆሮዋን ዳሰሰች። ቀዳዳው ተደፍኗል።
«ዘግይተሃል» አለች፣ «ሥጋውም ረስቷል።»
ምን እንደምመልስ ቃል ስፈልግ ቆሜ
ባልዲ አቀበለችኝ፣ ዓይኗን ከቁልሉ ሥር ሳታነሣ፦
«ያዘው እንጂ፣ ሰውዬ፤
እየፈሰሰ እኮ ነው!»